በክርስትና ስሙ ላይ የተሰካው ጥንዚዛ

ይህ እውነት ነው። የማታምኑ እዚሁ ላይ አቁሙ፤ ክርክር አልፈልግም።

የሆነው በ1930 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ቡሬ ጣሊያን ሰፈር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ... ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። የነገረችኝ አያቴ አቻምየለሽ ናት፤ የደረሰው ክንዱ በሚባለው በመጀመሪያ ባሏ ላይ ነው።

ክንዱን ጣሊያኖች በግድ እንጨት ያስፈልጡት ነበር። አንድ ቀን የዋንዛ ግንድ ሲሰነጥቅ ከውስጡ ጥንዚዛ ወጣ። ቀንዶቹ ከገላው ሁለት እጥፍ ይረዝማሉ። ሲይዘው ጮኸ።

ጢር... ጢር...

በሰፈሩ ጥንዚዛና ቢራቢሮ እየሰበሰበ በሳጥን የሚያደርቅ አንድ ካፒቴን ነበር፤ አይቶ አበደ። ሦስት ቀን ሙሉ የነፍሳት ሥዕል ያለበትን መጽሐፉን አገላበጠ። ቀንዱን ለካ፣ ክንፉን ገልጦ አየ፣ ከሥዕሎቹ ጋር አስተያየ። የሚመስለው አጣ።

"አዲስ ዘር ነው" አለ ባንዳው አስተርጓሚ። "ከሥሩ ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል። ስምህ?"

"ክንዱ።"

"እውነተኛውን! ስሙን የሚደብቅ ሽፍታ ነው። ትሰቀላለህ።"

የክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም። ጠላት እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል፤ ይህን በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። ክንዱ ግን ሰፈሩ መሐል የተንጠለጠለውን የመስቀያ ገመድ አየና ፈራ።

"ወልደ... ወልደ ሥላሴ።"

ካፒቴኑ በቁራጭ ወረቀት ጻፈው። ወረቀቱንና ጥንዚዛውን ባንድ መርፌ ወጋቸው።

ክንዱ ደረቱን ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ቀትር በሆነ ቁጥር ይወጋው ጀመር። በሳምንቱ መተንፈስ አቃተው። ስሙን ካላስመለሰ እንደሚሞት ገባው።

ካፒቴኑ ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ ክንዱ ድንኳኑ ገባ። ሳጥኑን ከፈተ።

ጥንዚዛው አልሞተም። መርፌው ላይ እንዳለ ይጮኻል፤ እግሮቹ ይራመዳሉ። ቀንዶቹ ቀስ ብለው ወደ ክንዱ ዞሩ...

ወረቀቱን ቦጨቀው። ዳግም ማንም እንዳያገኘው ብሎ ዋጠው።

ጩኸቱ ቆመ። ውጋቱም ለቀቀው። ቀና ሲል... ጥንዚዛው የለም። መርፌው ብቻውን ቆሟል።

በጫካ በጫካ ሮጦ ቤቱ ገባ።

"ዳንሁ አቻሙ! ስሜን አስመለስሁ!"

አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

"ምንድን ነው... የሚጮኽ?" አለች በሹክሹክታ።

"እኔ ምንም አልሰማሁ።"

"ዝም ይበሉ እስቲ..."

ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች።

ጢር... ጢር...

እጀ ጠባቡን ገለጠችው። ደረቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለች። ደም የለም።

ከቀዳዳዋ ዋንዛ ዋንዛ የሚሸት ሰጋቱራ ይረግፍ ነበር።