ከደረት የወጣው ደጀ ብርሃን

የሶራ ሐይቅ ወፎች በአንድ ጀምበር ረግፈው ውሃውን በሸፈኑ ማግስት፣ ግራጫው ጭጋግ ወደ ዘመራ መንግሥት ገባ።

የዘመራ ሰው ሲወለድ ደረቱ ላይ ደጀ ብርሃን የሚባል ምልክት ይዞ ይወለዳል። ማለዳ ከሐይቁ የሚነሣው ብርሃን በዚያ ገብቶ ሰውነቱን ያጸናዋል። ጭጋጉ ያንኑ ደጅ አገኘ፤ ብርሃኑን መስሎ ገባ። የገባበትም ሰው ከውስጥ እየጠቆረ ሞተ።

ንጉሥ አዝረድ የሕዝቡ ደጅ ሁሉ በጋለ ብረት እንዲዘጋ አዘዘ። የተተኮሱት ከጭጋጉ ተረፉ፤ ብርሃን የሚገባበት አጥተው ግን ክረምት ሳይገባ ጠወለጉ። እልፍታ የምትባል ወጣት እናትም እንዲሁ አለፈች።

እልፍታ ከቀብር መልስ ንጉሡ ፊት ቆመች። «ጃንሆይ፣ ብረቱን ያስቁሙልን። በገደሉ ሥር ወዳለው የጭጋጉ ምንጭ እወርዳለሁ። መድኃኒት ሳላገኝ ብመለስ ሰማይና ምድር ይፍረዱብኝ።»

ንጉሡም «ጨረቃ እስክትሞላ እታገሣለሁ» አላት።

እንደ እሷ ገና ያልተተኮሱት ታላቅ ወንድሟ በራቂና ጦረኛው ጉልዛር አብረዋት ወረዱ። ገደሉ ሥር ዓይን አልባ ዘንዶ ተነሣባቸው። ጉልዛር በጦሩ ጉሮሮውን ወጋው፤ ዘንዶው ግን ሲወድቅ በጥርሱ የጉልዛርን ደረት ዘነጠለው። ከነሥጋው የተቦጨቀው የደጀ ብርሃኑ ቁራጭ ድንጋይ ላይ ወድቆ ያበራ ጀመር።

ያን ጊዜ ጭጋጉ እልፍታንና በራቂን ትቶ ወደ ቁራጩ ተግተለተለ። ገባ፤ መውጫ አጣ፤ እዚያው ከሰመ። ቁራጩም ወዲያው ጠፋ። ጉልዛር ይህን አይቶ ሞተ።

ምንጩ ግን ገና ያጨስ ነበር።

«ሙሉ ደጅ ይፈልጋል» አለች እልፍታ።

በራቂ ልብሱን ከደረቱ ገለጠ። «የኔን ውሰጂ።»

«ጋሼ፣ አንተ ልጆች አሉህ። እኔን ብቻ ያዘኝ፣ እንዳልንቀጠቀጥ።»

ከኋላዋ ሆኖ ያዛት። ቢላዋዋን ራሷ አሳረፈች። ከደረቷ ያወጣችውን ምንጩ ውስጥ ስትጥለው፣ የሸለቆው ጭጋግ በሙሉ እየጮኸ ተከተለውና ጸጥ አለ።

በራቂ አዝሏት ተመለሰ። በማግስቱ ማለዳ የዘመራ ሰዎች ከሐይቁ ዳር ወጥተው፣ ከስንት ወር ፍርሃት በኋላ ደረታቸውን ገለጡ። ብርሃኑ ተነሣ። ሕፃናት ሳቁ። እልፍታ በፋሻ እንደታሰረች የወንድሟን ትከሻ ተደግፋ ታያቸው ነበር።

«ብርሃኑ ይሰማሻል?» አላት በራቂ ቀስ ብሎ።

«አይሰማኝም» አለች። «ልጆችህ ወዴት ናቸው? እነሱን አሳየኝ።»

ከተራራው ማዶ፣ ደጅ የሌለው ሰው የማይሻገረው የክረምቱ ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር። ሁለቱም አይተውታል፤ አንዳቸውም አላነሡትም።