አርባ አንደኛው መስመር

ፕሮግራሙ አርባውን መስመር ያለ ችግር ወርዶ አርባ አንደኛው ላይ ቀጥ አለ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ሚጡ ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችው፤ ለሦስተኛ ጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

«አሁንም?» አለች ጥድፊያ፣ የጨርቅ ጥቅልሎቹ ላይ እንደተንጋለለች። ጥድፊያ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን ስለምታከብ ነው።

«አሁንም። እልኸኛ ነው።»

ያሉት በሚጡ እናት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት የስፌት መኪናዎችና አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉ፤ ከወዲህ ደግሞ የጨርቅ ጥቅልሎች፣ አሮጌ ኮምፒውተርና ሲያትም የሚያቃስት ፕሪንተር። እናቷ የደንበኞቿን ልክ ሁሉ የምትጽፍበት አንድ ደብተር አላት፤ ገጾቹ መርገፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስም አትጽፍበትም። «ነርሷ»፣ «አናጢው»፣ «ቀጭኗ አስተማሪ» እያለች ነው የምትመዘግበው። ሰው ሁሉ እንዴት በቃልሽ አትይዢውም ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ የማምነው ደብተሬን ነው። ጭንቅላቴማ ስንቴ ጉድ ሠርቶኛል።»

ሚጡ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የመረጠችው ሥራ ይህንን ደብተር ነው። የስድሳ ሦስት ደንበኞችን ልክ አንድ በአንድ ገልብጣ ፋይል ውስጥ አስገባች። ፕሮግራሟ እያንዳንዱን መስመር ኮማው ጋ እየቆረጠ አምስት ሣጥን ውስጥ ይከትተዋል፤ ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ እጅጌ። ከዚያ ለየደንበኛው የመቁረጫ ወረቀት ያትማል። ትናንት እናቷ «ካለቀልሽ ከነገ ጀምሮ በወረቀትሽ ነው የምቆርጠው» ስትላት ሚጡ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ነበር። ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። እሷን ግን ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ ያሳሰባት ይህ የእናቷ ቃል ነው።

ቀዩን ጽሑፍ ረጋ ብላ አነበበችው። አምስት ሣጥን ተዘጋጅቷል፣ የመጣው ግን ስድስት ነገር ነው፤ ስድስተኛው ማረፊያ አጥቷል። ፋይሉን ከፍታ መስመሩን ፈለገችው።

ጋሽ ሾፌር፣ 104፣ 96፣ 74፣ 61፣ 54

«መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ትርፍ አለ» አለች። ደብተሩን ገልጣ ስታየው ያው ነው፤ በእናቷ እጅ ጽሑፍ፣ ስድሳ አንድ፣ ከጎኑ ሃምሳ አራት።

«ተሳስታ ደግማ ጽፋው ይሆናላ» አለች ጥድፊያ። «የመጨረሻውን አጥፊውና ገላግይን።»

«ልጠይቃት?»

«ጠይቂያት። ከዚያ ‹ገና ከአሁኑ መሳሳት ጀመረ እንዴ?› ትልሻለች።»

ሚጡ በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። እናቷ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ እያጠፈች ነው። እንዲህ ሆና ሰው ሲያናግራት አትወድም። ይህ ጥሩ ሰበብ ሆነላትና ሃምሳ አራትን አጠፋችው። ፕሮግራሙ ሳይደናቀፍ እስከ ስድሳ ሦስት ወረደ፣ ፕሪንተሩም እያቃሰተ ማተም ጀመረ። ጥድፊያ አጨበጨበች።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ተጣራች። «ሚጡዬ፣ የጋሽ ሾፌርን ወረቀት አምጪልኝ። ኮቱን አሁን ልቁረጥለት።»

ከስድሳ ሦስት ሰው የእሱ! ሚጡ ልቧ ድንግጥ አለ። ወረቀቱን ግን ከደብተሩ ጋር ወስዳ ሰጠች። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መቀሱን ጫነችበትና ደብተሩን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት።

ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጋሽ ሾፌር ለልጁ ምረቃ የሚለብሰው ኮት ሊሆን ነው፤ ልጁ ራሷ ናት የገዛችለት። «ጨርቁ ልክክ ያለ ነው» አለች እናቷ ጠመኔዋን እያነሳች። «አንዲት ጣት ትርፍ የለውም።» ከወረቀቱ እያነበበች አንዱን እጅጌ በስድሳ አንድ አሰመረች። ሁለተኛውንም በስድሳ አንድ አሰመረች። ሚጡ አጠገቧ ቆማ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ትክክለኛው የቀረው ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች። ያጽናናት ግን አልመሰላትም።

ያን ጊዜ ራሱ ጋሽ ሾፌር ገባ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሚጡን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። «የኮቱን ቁልፎች ረስቼ» አለና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ሁለት እጆቹን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። የአሮጌ ኮቱ እጅጌዎች ሁለቱም አንጓው ላይ በልኩ አልቀዋል። ነገር ግን ግራ እጁ እንዲደርስለት ትከሻውን ዘንበል አድርጓል። ግራው ከቀኙ አንድ መዳፍ ያህል ያጥራል።

ሚጡ ይህን ሰው ስንት ዓመት አይታዋለች፤ ይህን ግን አይታ አታውቅም። እንዳይታይ አድርጋ የሰፋችው እናቷ ናት።

«ምነው ልጄ፣ እጄ ላይ ዓይንሽን ተከልሽ?» አለ ጋሽ ሾፌር እየሳቀ። «በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ነው። ስንት ልብስ ሰፊ ጋ ሄጃለሁ መሰለሽ። ሁሉም አንዱን እጅ ለክተው ‹ጨርሰናል ጋሼ› ይሉኛል። ግራውን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ አጥፌ ነበር የምለብሰው። ‹ያኛውንስ እጅህን?› ያለችኝ እናትሽ ብቻ ናት።»

እናቷ ወሬውን በግማሽ ጆሮዋ እየሰማች መቀሱን አነሳች።

«እማ፣ አትቁረጪ።»

መቀሱ ተከፍቶ ቆመ።

«ወረቀቱ ልክ አይደለም» አለች ሚጡ። ፊቷ ጋለ። «ደብተርሽ ላይ ሁለት እጅጌ ነበረ። ፕሮግራሙ እንቢ ሲለኝ አንዱን አጠፋሁት። ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ።»

እናቷ መቀሱን አስቀመጠች። ወረቀቱን አየች፣ ጨርቁን አየች፣ ከዚያ የሰውየውን ግራ እጅ አየች። «የስንት ሰው ነው ያጠፋሽው?»

«የእሳቸውን ብቻ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ጠመኔ እኮ ይራገፋል» አለች እናቷ፣ የግራውን እጅጌ መስመር በመዳፏ እያበሰች። «መቀስ ገብቶበት ቢሆን ነበር ጉዱ፤ ለኮሌታው ጨርቅ አይተርፈንም ነበር። አሁን በየትኛው ልቁረጥ?»

ሚጡ መልሱን መናገር ከበዳት። «ለዛሬ በደብተሩ።»

«ለዛሬ» አለች እናቷም፣ መሳቢያውን እየሳበች። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እንግዲህ ኮምፒውተርም አሰናከልኩ በሉኛ» አለ ጋሽ ሾፌር። «እስከ ዛሬ የማሰናክለው መኪና ብቻ ነበር።» ሦስቱም ሳቁ፤ ሚጡ ከሁሉም ዘግይታ።

ከመጋረጃው ጀርባ ጥድፊያ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። «ጨርሰን አልነበር?»

«አልጨረስንም» አለች ሚጡና ሃምሳ አራትን ቦታው መለሰችው። «የኮምፒውተር ቲቸራችን አንዴ ያሳየን ትዝ ይልሻል? የመጨረሻው ሣጥን ስም ፊት የኮከብ ምልክት ካደረግሽ የተረፈውን ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል። አንድም ይሁን ሁለት።»

«ተኝቼ ነበር መሰለኝ» አለች ጥድፊያ፤ ቦርሳዋን ግን አወረደች።

ኮከቧን አስገቡ። ቁጥሩ ሁለት ሲሆን «ቀኝ» እና «ግራ» ብሎ ለየብቻ እንዲጽፍም አደረጉ። ሁለት ጊዜ ሌላ ዓይነት ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ አንዱ የጥድፊያ ችኮላ ነበር። በሦስተኛው ፕሮግራሙ አርባ አንደኛውን እንደ ማንኛውም መስመር አልፎት ሄደ። ሚጡ አዲሱን ወረቀት ለእናቷ ወሰደችላት። እናቷ ከደብተሩ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየችው፣ ከዚያ አጥፋ የጋሽ ሾፌር ገጽ ውስጥ ከተተችው። ሚጡ ለዛሬ ይህም ይበቃኛል አለች በልቧ። በጣም ደስ ብሏት ነበር።

«ነገ ስታሳዪ ግን» አለች ጥድፊያ፣ «ከነርሷ መስመር ጀምሪ። ንጹሕ ነው፣ አያዋርድሽም። የጋሼን እዚያው መሐል ተዪው፤ ማንም አያየውም።»

ሚጡ ፋይሉን እንደገና ከፈተች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ አርባ አንደኛውን መስመር ከነበረበት አንስታ ከሁሉም በላይ፣ ከነርሷም በፊት አስቀመጠችው።