ሎሚ ያላየችው ፈንጣጣ

«በድሪያ… በድሪያ፣ ተኝተሻል እንዴ?»

ከጎጆው ውስጥ መልስ አልመጣም። ሎሚ አጥሚት የሞላውን ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ብርሃን የበድሪያን ዐይን ስለሚወጋ በሩ በወፍራም ጨርቅ ተጋርዷል። ሎሚ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ዐይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች። ጓደኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ተኝታለች። በተነፈሰች ቁጥር ታቃስታለች። ከጋቢው ውጭ የሚታየው አንገቷ ቀልቶ ፍም መስሏል።

ሎሚን የላከቻት እናቷ ዘርፉ ነበረች። «አጥሚቱን ቀስ እያልሽ አጠጫት» ብላታለች። «እናቷ ፋዲላ ከገበያ እስክትመለስ አጠገቧ ቁጭ በዪ። ልጅቷን ብቻዋን እንዳትተያት።»

ሎሚ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ይሄኔ በድሪያ በእንቅልፍ ልቧ «አጥንቴን! ኧረ አጥንቴን ሰበሩት!» ብላ ጮኸች። ሎሚ ክው አለች። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ከግቢው እንደወጣች እግሬ አውጪኝ አለች።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስትደርስ ሩጫዋን አቆመች። ያን ጊዜ ነው ማፈር የጀመረችው። ሁለቱ በአንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ጠዋት ጠዋት ከባቡሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ትንኝ እየነከሳቸው እንስራ ይሞላሉ። ባቡር ሲቆም ለመንገደኛው ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣሉ። አምና ሎሚ እግሯን እሾህ ወግቷት ባበጠ ጊዜ፣ የሁለቱንም ቤት ውሃ እየተመላለሰች የቀዳችው በድሪያ ነበረች።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?» አለች ዘርፉ፣ ልጇ ስትገባ።

«ፈርቼ ነው» የሚለው ቃል ሎሚ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጎረቤታቸው አማረች ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። በአሥራ አራት ዓመቷ የታመመ ሰው ፈርታ ሮጠች መባሉን አልቻለችውም።

«ሰውነቷ ሁሉ ወጥቶባታል» አለች። «ፈንጣጣ ነው መሰለኝ።»

የአማረች እንዝርት ከእጇ ወደቀ።

ሎሚ በበድሪያ ገላ ላይ አንድም ቁስል አላየችም። ፈንጣጣ ምን እንደሚመስል ደግሞ ታውቃለች፤ አዳማ ውስጥ ጠባሳውን ፊቱ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው አይታለች። ቃሏን ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ አማረች ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ሰፈሩ ሹም ወደ ኦቦ መርጋ ቤት ገስግሳለች።

ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር ይህ የሆነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦቦ መርጋ መጥተው ከፋዲላ አጥር ውጭ ቆሙ። እናትና ልጅ ከከተማው ውጭ፣ ከግራሮቹ መሐል ወዳለው የእህል ጠባቂ ጎጆ እንዲወጡ፣ ወር ሳይሞላም እንዳይመለሱ አዘዙ።

«ፈንጣጣ አይደለም!» ብላ ጮኸች ፋዲላ። «ድሬዳዋ ሳለሁ እኔንም ይዞኛል። አጥንት ሰባሪ ነው የምንለው፤ ያተኩሳል፣ ያቀላል፣ ከዚያ ይለቃል። ደግሞ አንዴ ያመመውን ሰው ቶሎ አይደግመውም፤ ይኸው አቅፌያት እያደርኩ እኔን አልያዘኝም! በአላህ፣ አንድ ሰው ገብቶ ይያት!»

ማንም አልገባም። ባሏ አብዱናሲር የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ያን ሰሞን ጅቡቲ ነበር። ፋዲላ ልጇን አዝላ ወጣች። በድሪያ ቁመቷ ረዘም ያለ ስለሆነ እግሯ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። የተከተሏቸውን ሕፃናት እናቶቻቸው እየጮሁ መለሷቸው። ሎሚ ይህን ሁሉ በአጥራቸው ቀዳዳ አየች። ወጥታ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።

ብዙም ሳይቆይ እሷንም ብርድ ብርድ አላት። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ወገቧን፣ ጉልበቷን፣ የጣቶቿን መጋጠሚያ ሳይቀር ሰው በዘነዘና የሚወቅጣት መሰላት። ዐይኗን ወደ ጎን ማዞር እንኳ ከውስጥ ያማታል። ውሃው ራሱ መረራት። ጥቂት ቀን አንገላትቷት ትኩሳቱ ድንገት ለቀቃት፤ ዘርፉ «እሰይ» ብላ ሳትጨርስ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ብቻውን አልመጣም። ክንዷና እግሯ ቀላ።

ዘርፉ የልጇን ክንድ አየችና በሩን ዘጋች። አማረች ከደጅ «ሎሚ እንዴት አደረች?» ብላ ስትጠይቅ «ንዳድ ነው፤ ያው የቆላ ንዳድ» ብላ መለሰችላት። ሎሚ ተኝታ ሰማቻት። እናቷ ስትዋሽ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ዘርፉ በየጠዋቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ልጇን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ትመረምራታለች። መግል የቋጠረ ቁስል አልወጣም። ቅላቱ ውስጥ ግን እዚህም እዚያም ነጫጭ ነጠብጣብ ታየ። ቆዳዋን በጣት ሲጫኑት ይነጣል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይቀላል።

«ፈንጣጣ አይደለም» አለች ዘርፉ አንድ ጠዋት፣ እንባዋ እየወረደ። «ተመስገን አምላኬ። ማንም ሳያውቅብን አለፈ።»

«እማዬ፣ የበድሪያም ይሄው ነው።»

ዘርፉ እጇ የልጇ ክንድ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ቁስል አላየሁባትም» አለች ሎሚ። «ቀልታ ነው ያየኋት። ስትጮኽ ፈርቼ ነው የሮጥኩት። አማረች ፊት ሐፍረት ስለያዘኝ ነው ፈንጣጣ ያልኩት።»

እናቷ ገርበብ ያለውን በር ዘጋች። «ዝም በይ» አለች። «ወሩ ሲያልቅ መመለሳቸው አይቀርም። አሁን ብትናገሪ ሰው ምን ይለናል? የራሷን ልጅ ቤት ደብቃ የሰውን ልጅ ሜዳ አስጣለች ነው የሚሉኝ።»

እናቷ ሰው ይለናል ብላ የፈራችው ሁሉ እውነት ነበር።

በማግስቱ ዝናብ እየጣለ አማረች ደጃፉ ላይ ቆማ ከዘርፉ ጋር ስታወራ ተሰማ። «የፋዲላን ልጅ ትኩሳቱስ ለቋታል አሉ፤ ድዷ ደምቶ ደምቶ ግን አቅም የሚባል አልቀራትም። ምግብ የሚወስድላቸው ሰው ከሩቅ አስቀምጦ ነው የሚመለሰው። ጎጆው ደግሞ ያፈሳል።»

ሎሚ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አየች። ቅላቱ መደብዘዝ ጀምሯል። ነገ ከነገ ወዲያ ለሰው የሚታይ ነገር አይኖርም። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

አማረች ሄዳ ነበር። «ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ኦቦ መርጋ ጋ።»

ዘርፉ በሩ ላይ ቆመች። ሎሚ ከሕመሙ ገና አልበረታችም፤ እናቷ በጣቷ ብትነካት ትወድቅ ነበር። ዘርፉ አልነካቻትም። ከበሩ ዞር አለችላት።

ኦቦ መርጋ ከቤታቸው ታዛ ሥር ተቀምጠው የበቅሎ ኮርቻ ይጠግናሉ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ የያዛቸው ናቸው፤ ፊታቸው ጉድጓድ ጉድጓድ ነው።

ሎሚ ራቅ ብላ ቆመች። «ኦቦ መርጋ፣ ክንዴን ይዩልኝ።»

ሹሙ ተነሥተው መጡ። ክንዷን ይዘው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ነጣ። ለቀቁት፤ ቀላ። ደጋግመው ሞከሩት።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ፈንጣጣ አይደለም። ፈንጣጣን እኔን ጠይቂኝ።»

«የበድሪያም ይሄው ነው። አይቻታለሁ።»

ኦቦ መርጋ ፊታቸው ጠቆረ። «ፈንጣጣ አንዴ የያዘውን ዳግመኛ አይነካም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ገብቼ ላያት የምችለው እኔ ነበርኩ። እናቲቱ እየለመነችኝ ከአጥር ውጭ ቆሜ ፈረድኩ።» ከዚያ ቀና ብለው «ለመሆኑ መጀመሪያ ፈንጣጣ ነው ያለው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሎሚ አንገቷን ደፋች።

«ተዪው፣ የሰፈር ወሬ ነው» አሉና በቅሎ እንዲጫን አዘዙ።

የዚያን ዕለት ኦቦ መርጋ ራሳቸው ጎጆው ውስጥ ገቡ። የበድሪያ ቆዳ መላላጥ ጀምሯል፤ ጠባሳ ግን የለበትም። በበቅሎ አስቀምጠው ወደ ቤቷ መለሷት። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሎሚ አወራ፤ ከሕመም አልጋዋ ተነሥታ ጓደኛዋን አዳነች ተባለ። ፋዲላ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻት፤ «አላህ ያሳድግሽ» ብላ መረቀቻት። ሎሚ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ትንሽ ስትበረታ በድሪያን ልትጠይቃት ሄደች። በድሪያ ከስታለች፤ ጉንጯ ገብቷል። ራሷን ችላ ለመቀመጥ እንኳ አቅም አላገኘችም። ጓደኛዋን ስታይ ግን ፈገግ አለች።

«አንቺ ባትኖሪ እስካሁን እዚያ ነበርን» አለቻት። «ማን እንዳስወራብን ታውቂያለሽ? አማረች ናት። ወደ ኦቦ መርጋ ስትሮጥ ያያት ሰው ለእማ ነግሯታል። ዛሬ ጠዋት ሰላም ስትላት እማ ፊቷን አዞረችባት፤ የምትለውንም አልሰማቻትም። ሌሎቹም ትተዋታል። ደግ አደረጉ! እኔም ሁለተኛ አላናግራትም።»

ሎሚ አሁን ምንም ባትናገር ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ማንም አይጠይቃትም። በድሪያ እጇን ዘርግታ የሎሚን እጅ ያዘች፤ እጇ ቀላልና ደረቅ ነበር።

ፋዲላ ከጓሮ እየዘፈነች ልብስ ታሰጣለች። ሎሚ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ተነሣች።

«ልትሄጂ ነው? አሁን አይደል እንዴ የመጣሽው?» አለች በድሪያ።

«አልሄድም።» ሎሚ ወደ በሩ ጠጋ አለች። «እትዬ ፋዲላ» ብላ ተጣራች። «አንድ ጊዜ ይምጡ፤ ለሁለታችሁም የምነግራችሁ ነገር አለ።»

ፋዲላ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። «ምነው የኔ ልጅ?» ብላ እየሳቀች ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሎሚ የሁለቱንም ፊት አየችና መናገር ጀመረች።