ወረቀቱን የበጣው ምላጭ

ሚቅዳድ፣ ላስ ቬጋስ ዊንቸስተር ሰፈር ባለው የስቲከር ሱቁ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የሥራ ጠረጴዛው የብረት ጥግ ደም ነክቶታል። መቁረጫ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል፤ የቆረጠው ቀይ የስቲከር ላስቲክ፣ ቪኒሉ፣ ከማሽኑ ወጥቶ መሬት ለመሬት ተዘርግቷል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር።

ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ሙስዐብ ነው። ፖሊስ መጥቶ ፎቶ አነሣና «ጥቅል ቪኒል ሊያወርድ ወጥቶ ወድቆ ይሆናል» አለ። መዝገቡን አልዘጋም፤ ግን የቸኮለም አይመስልም ነበር።

ሙስዐብ ግን ቸኩሏል። ቪኒሉን ገልጦ ሲያየው ፊደሎቹ በሙሉ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ በግልባጭ ተቆርጠዋል። «ስቲከር በግልባጭ የሚቆረጠው ከመስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ የመስታወት ሥራ የዳጊ ነው። ወንድሜን ገድሎ ሥራውን ጨርሶ ሄደ!» ብሎ በለቅሶ ቤቱ ሁሉ ፊት ጮኸ። ዳጊ የሚቅዳድ የሥራ ሸሪክ ነው፤ ሰሞኑን ተጣልተው እንደነበር ያልሰማ የለም። ለቀስተኛ መቼም ወሬ አይጠግብምና በማግስቱ «ዳጊ ነው» የማይል ጠፋ።

ሰኢዳ፣ የሚቅዳድና የሙስዐብ እናት፣ ጽጌወይንን ያስጠሩት ያን ጊዜ ነው።

ጽጌወይን አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ወንጀል ስትመረምር ኖራ ዲቪ የደረሳት፣ አሁን ቬጋስ ውስጥ ፈቃድ አውጥታ ለጠበቆች የምትመረምር ሴት ናት። ማስቲካ ታኝካለች፤ ውሸት ስትሰማ ፈገግ ትላለች። ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ከሟቹ ቤት ስትደርስ አሮጊቷ እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷት።

«ልጄ፣ አንዱን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ሁለተኛው ሽጉጥ ገዝቷል። ዳጊን ሳይገድል አይመለስም።»

«ለፖሊስ ልናገርልዎት?»

«ዛሬ ቢያስሩት ነገ ይፈቱታል፤ ያኔ ይገድላል። ቂም በእስር አይወጣም። አንቺ እውነቱን አምጪልኝ። ዳጊ ከሆነ መንግሥት ይውሰደው። ካልሆነ ግን ልጄን ከሰው ደም አስጥይልኝ።»

«እስከ መቼ ይታገሣል?»

«እስከ ሶደቃው እንዲቆይ አስምዬዋለሁ። ለነፍሱ የምናበላው ቅዳሜ ነው።»

ሲወጡ ሳሎን ውስጥ ውዴ ውሃ ታድል ነበር። ውዴ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ የሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ በትርፍ ጊዜዋ ቲሸርት ላይ ስምና ቁጥር የምታትም ሴት ናት። ሐዘኑ ከተሰማ ጀምሮ ከዚህ ቤት አልጠፋችም። ሙስዐብ አጠገብ ጎንበስ ብላ «ወንድም ያለው ሰው ደሙ በከንቱ አይቀርም» ስትለው ጽጌወይን ሰማች። ለቅሶ ላይ ብዙ ነገር ይባላልና ማስቲካዋን እያኘከች ወጣች።

በማግስቱ ከሱቁ ጎን ያለውን ፀጉር አስተካካይ፣ ስጦታን፣ አገኘችው።

«ምሳ ሰዓት በሕይወት ነበር» አላት። «ማሽኑ በግድግዳው በኩል ሲንጫጫ ነበር። ጠዋት ረፈድ ሲል ጀመረ፣ ምሳዬን በልቼ ስጨርስም አላባራም። ‹ይሄ ሰው ምሳ አይበላም እንዴ?› አልኩ።»

«አየኸው ወይስ ሰማኸው?»

ስጦታ መቀሱን አስቀመጠ። «ሰማሁት እንጂ… በሩማ ዝግ ነበር።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ወንድምየው፣ ዳጊና ውዴ። ውዴ የቲሸርት መተኮሻውን ልትጠቀም ትመጣለች። ባሏ ሊውል ከሞተ በኋላ ሚቅዳድ ራሱ ነው ቁልፍ የሰጣት። አሮጌ መቁረጫ ማሽኑንም በነፃ ሰጥቷታል።»

«በጣም ደግ ሰው ነበራ።»

«ደግነት ይሁን ሌላ፣ እሱ ነው የሚያውቀው» አለ ስጦታ።

ዳጊ ስቲከር ሱቁ ውስጥ አገኛት። ዓይኑ ቀልቷል፤ እጁ ግን የሠራተኛ እጅ ነው፣ ሥራውን አይስትም። ጽጌወይን «ለመኪናዬ በር የሚሆን ስቲከር ቁረጥልኝ፤ ‹ሚቅዳድ› የሚል» አለችው።

ዳጊ መጀመሪያ በቪኒሉ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆረጠና በጥፍሩ ልጦ አነሣት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቴስት ናት። ምላጩ ቪኒሉን ቆርጦ ከሥር ያለውን ወረቀት ጫር ብቻ ማድረግ አለበት። ወረቀቱን ከበጣው ጥልቀቱ በዝቷል፤ ሲልጡት ወረቀቱም አብሮ ይነሣል። ጥግ ጥጉን ከቀደደው ደግሞ ምላጩ ዶልዱሟል፣ መቀየር ነው። ሚቅዳድ ያለ ቴስት አንድ ፊደል አይቆርጥም ነበር። እኔንም ያስለመደኝ እሱ ነው።»

«ሲለጠፍስ?»

«በጥላ ነው የሚለጠፈው። በዚህ ፀሐይ የጋለ በር ከነካ አለቀ፣ ቦታውን ልቀይር ቢሉት እንቢ ይላል። እኔ ሳሙና የነካው ውሃ እረጭና እያንሸራተትኩ ነው የማስተካክለው። አየር ከቋጠረ በመርፌ ወግቶ መጫን ነው።»

ጽጌወይን በጥሞና እያዳመጠች የተቆረጠውን ‹ሚቅዳድ› ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ በዚያው ድምፅ «ለምን ገደልከው?» አለች።

ዳጊ ቀና ብሎ አያት። «አልገደልኩትም። ጠዋት ሙሉ ሰዘርን ሃይላንድስ የሰው ቤት ውስጥ የሻወር መስታወት ላይ ስሠራ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ከአጠገቤ አልተለየችም። ከምሳ በፊት ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲሠራ ብቻዬን ነበርኩ። ማን ያምነኛል?»

«የተጣላችሁትስ በምንድን ነው?»

«በሊውል ነው» አለና ማሽኑን አጠፋው። «ሹፌር ነበር፣ የውዴ ባል። መኪና ላይ የሚለጠፍ የሐሰት የኤርፖርት መግቢያ ፈቃድ ተይዞበት ተከሰሰ። የቆረጠውም የሸጠለትም ሚቅዳድ ነው። ፍርድ ቤት ግን ‹ሱቄን ሰብሮ ገብቶ ራሱ ቆረጠው› ብሎ ማለ። እኔም ሱቁ እንዳይዘጋ ብዬ አብሬ ማልኩ። ሊውል እስር ላይ እያለ ስኳሩ ገደለው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሰሞኑን ‹እውነቱን ልናገር ነው› ስለው ሚቅዳድ አበደብኝ።»

«ይህን ለውዴ ነግረሃታል?»

«ፊቷን ማየት አልቻልኩም።»

ሬሳው አጠገብ የተገኘው ቀይ ቪኒል ፖሊስ ስላልወሰደው እዚያው ተጠቅልሎ ነበር። ጽጌወይን ዘርግታ አየችው። የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ስምና ስልክ ደጋግሞ ተቆርጦበታል፤ ትእዛዙ ለቫን በሮች እንደሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል። ጥጉ ላይ የቴስት ሦስት ማዕዘን የለም። ጀርባውን በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል ወረቀቱ ድረስ ተበጥቷል። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ቪኒሉንም መኪናዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሙስዐብንም «እስቲ አንድ ቁረጥልኝ» አለችው። ካዚኖ ደጃፍ መኪና ፓርክ ሲያደርግ የሚያድር ልጅ ነው፤ ወንድሙ በሞተበት ቀንም ሌሊት ገብቶ ኦቨርታይም ጨምሮ እስከ ቀትር ሠርቷል። ቪኒሉን ማሽኑ ውስጥ ማስገባት እንኳ አቃተው።

«ቀልድ ይዘዋል?» አላት። «ገዳዩን አውቄዋለሁ። ቅዳሜ ድረስ ብቻ ነው የምታገሠው።»

«እናትህስ?»

«እናቴ ታለቅሳለች። ዳጊ ቆሞ እየሄደ ግን እኔ ሰው አይደለሁም።»

መጨረሻ ውዴን ሱቁ ድረስ አስመጣቻት። «ዳጊ ተጠርጥሯል፣ የማምነው ሰው የለኝም። ለመኪናዬ በር ‹ሚቅዳድ› የሚል ቁረጪልኝ» አለቻት።

«ለሱማ ነፍሴንም እሰጥ ነበር፣ እህቴ» አለች ውዴ። ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ከዳጊ ይልቅ ይፈጥናሉ። የፊደሎቹን አቅጣጫ አንዴ አየች፣ ደግማ አየች። «በር ላይ ነው አይደል? ቀጥ ብሎ ነዋ የሚቆረጠው፤ እንደዚያ እንደተረገመው ግልባጭ አይደለም» አለች። ማሽኑ ቆርጦ ጨረሰ። ጽጌወይን ቁራጩን ተቀብላ ጀርባውን ዳሰሰችና አመስግና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ሶደቃው ተበልቶ እንግዳ ሲሸኝ ጽጌወይን ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሰው አስቀረች፦ ሰኢዳን፣ ሙስዐብን፣ ዳጊን፣ ውዴንና ስጦታን። ከበሩ ውጭ ያስጠራችው መርማሪ ፖሊስ ቆሟል። ሙስዐብ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም፤ ሁሉም ለምን እንደሆነ ያውቃል።

«ስለ ጩኸቱ ልጀምር» አለች ጽጌወይን። «ስጦታ ማሽን ሲሠራ ሰማ፤ ስለዚህ ሚቅዳድ ምሳ ሰዓት በሕይወት ነበር አላችሁ። ማሽን ግን አንዴ ከታዘዘ ብቻውን ይሠራል። ይኸው የቆረጠው።» ቀዩን ቪኒል ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። «ትእዛዙ ለቫን በር ነው፤ ተገልብጦ የሚያነበው የለም። ሚቅዳድ አጠገቡ ቆሞ ቢሆን የመጀመሪያዋን ፊደል ሲያይ ያቆመው ነበር። ይህ ሁሉ ቪኒል ሲበላሽ ዝም ያለው ሞቶ ስለነበር ነው።»

«ታዲያ መቼ ሞተ?» አለ ሙስዐብ።

«ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ጠዋት። ዳጊ ጠዋት ምስክር አለው፤ የሻወሩን ባለቤት ራሴ አነጋግሬያታለሁ። አንተም ካዚኖ ነበርክ። በሩ ደግሞ በቁልፍ ተዘግቷል። ቁልፍ ያላችሁ ሦስት ናችሁ።»

ውዴ ውሃ የያዘ ጆግ በእጇ ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ግልባጭ የሚቆርጥ ዳጊ ብቻ ነው ስትሉ አልነበረም?» አለች።

«ዳጊ ለመስታወት ሲሆን ይገለብጣል፣ ለበር ሲሆን አይገለብጥም። እያንዳንዱን ሥራ ያስብበታል። ሳያስብ ሁሉንም የሚገለብጥ ማን ነው? ቲሸርት የሚያትም ሰው። የጨርቅ ቪኒል በጀርባው ነው የሚቆረጠው፣ ሁልጊዜ ይገለበጣል። የቸኮለ እጅ የለመደውን ይሠራል።»

«እኔ እኮ ፊትሽ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ!»

«ቆረጥሽ። ግልባጩን አገር ሁሉ ሲያወራው ስለሰነበተ ተጠነቀቅሽ፤ ሁለቴ ስታይ አይቼሻለሁ። ማንም ያላወራው ሌላ ነገር ነበር።» ሁለት ቁራጭ ከቦርሳዋ አውጥታ ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ያዘች። አንዱ ምንም አይታይበትም። በሌላው ላይ ግን በተበጣው ወረቀት በኩል የሚቅዳድ ስም ብርሃን አስገባ። «ይሄ የዳጊ ነው፤ ቴስት አድርጎ ነው የቆረጠው። ይሄ ያንቺ ነው። ማሽኑ ‹ምን ልቁረጥ?› ሲልሽ እጅሽ ቤትሽ እንደለመደው ‹ጨርቅ› የሚለውን ነካ። በጨርቅ ልክ ምላጩ ጠልቆ ይገባል፤ የዚህን ቪኒል ወረቀት ይበጣዋል። ሬሳው አጠገብ ያለውም እንዲሁ ተበጥቷል። ሰው በሕይወት ያለ እንዲመስለው ማሽኑን አስነሥተሽ፣ ቆልፈሽ፣ ከሰዓት ሺፍትሽ ገባሽ።»

ሰኢዳ «ውዴ?» አሉ።

ውዴ አላለቀሰችም። ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ የከረመች ሴት አሁን ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አዎ፣ መሰላሉን ጎትቼዋለሁ» አለች። «ከላይ ሆኖ ‹ውዴ፣ ያንን ጥቅል አቀብይኝ› አለኝ። በዚያ አፉ ነው ባሌን ሌባ ያለው። ቁልፍ ሰጠኝ፣ ማሽን ሰጠኝ፣ የረሳሁ መሰለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!» ወደ ሙስዐብ ዞረች። «ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣ። ወንድምህን እኔ ነኝ የገደልኩት። ወንድ ከሆንክ ተኩስ።»

ሙስዐብ ሽጉጡን አወጣ። ዳጊ ወደ ግድግዳው ሸሸ፤ ስጦታ ወንበሩ ላይ ደረቀ።

«ተኩስ እንጂ!» አለች ውዴ።

«ሰምተሃታል?» አለች ጽጌወይን፣ ሳትንቀሳቀስ። «ዳጊን እንድትገድል ስትነግርህ የሰነበተችው እሷ ናት። ሚቅዳድና ዳጊ ናቸው በባሏ ላይ የማሉት። አንዱን ራሷ ገደለች፣ ሁለተኛውን በአንተ እጅ ልታስገድል፤ አንተ ደግሞ ለእስር። ያ አልሆነላትም። አሁን በራሷም ሞት ቢሆን አንተን መውሰድ ትፈልጋለች።»

ሰኢዳ ተነሡ። በልጃቸውና በውዴ መካከል ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴት ሁለት ልጅ ነው የፈለገችብኝ። አንዱን ወስዳለች። አንተን በገዛ እጅህ አትስጣት።»

ሙስዐብ እናቱን አየ። ፊቱ ተጨማደደ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሽጉጡን እናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። አሮጊቷ በሻሻቸው ጠቅልለው ለጽጌወይን ሰጧት።

ውዴ «ፈሪ!» አለችው። ንዴቷ ግን ሰሚ አጥቷል።

ያን ጊዜ ዳጊ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ውዴ፣ ሊውል አልሰረቀም» አለ። «ሚቅዳድ ቆረጠው፣ ሚቅዳድ ሸጠለት፣ ሁለታችን በሐሰት ማልን። የተጣላነውም በዚህ ነው። ጠበቃ ይዣለሁ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ ቃሌን ልሰጥ ነው። እኔም ልታሰር እችላለሁ። የሊውል ስም ግን ይነጻል።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲገደል ስትጎተጉት የሰነበተችበት ሰው፣ ባሏን ነፃ የሚያወጣ ብቸኛ ምስክር ነበረ። ውዴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

ፖሊሱ ገብቶ እጇን በካቴና ሲያስር አልታገለችም። ዓይኗን ግን ከዳጊ ላይ አላነሣችም። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብላ ዞረች።

«ሰኞ እንዳትቀር» አለችው።