ያለ መነፅር ያየው ምስክር

ወንዱ እርኩም ሾላ በአፉ ይዞ መጣ። ዛፉ ላይ አረፈ። ጎጆው ግን ባዶ ነው።

የዚህ ተራራ እርኩም ሴቷ እንቁላል ስትጥል የዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትመርጋለች፤ ባሏ በጠባብ ስንጥቅ እያጎረሰ ያኖራታል። ዓርብ ጧት ያ ምርጊት በገጀራ ተፈልጦ ተገኘ። ሴቷ የለችም። መንቁሯ ላይ ያለው ቀይ ቀንድ በድብቅ ገበያ ከዝሆን ጥርስ በላይ ያወጣል። ወንዱ ይህን የሚነግረው አላገኘም፤ ይኸው እስከ ዛሬ እሑድ ሾላውን ይዞ ይመላለሳል።

ኢንስፔክተር ሮሃያ ከገደሉ ማዶ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ግቢ ሆና ልታየው ሞከረች።

“ኤጭ! ይሄም አያሳይም!”

ሩቅ ማሳያውን ባይኖክላር መነፅርና ባይኖክላር ለሚሸጠው ለአንክል ኩ መለሰችለት። ይኸኛው አሥራ አንደኛው ነው። በአራት ዓመት አንዴ ያገኘችውን የዕረፍት ፈቃድ የወሰደችው አንድ ደህና ባይኖክላር ለመግዛት ነበር። አንዱ ከመነፅሯ ጋር ሲገጥም ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ ያሳያል። ሌላው በየዓይኗ ጥቁር ጨረቃ ይደቅናል። ሦስተኛው አፍንጫዋን ይጫናል። ዋጋቸው ደግሞ የሦስት ወር ደመወዟ!

“መነፅርሽን አውልቂዋ” አለ ሽማግሌው መነፅር ሠሪ።

“አወለቅኩ! ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ጉም ነው።”

“የመነፅርሽ ቁጥር ስንት ነው?”

“ዘጠኝ።”

“እንግዲያው በከንቱ አትልፊ። እዚህ ካሉት አንዱም ከስድስት ቁጥር አያልፍም፤ ማስተካከያው እዚያ ላይ ያልቃል። ላንቺ የሚበጀው ከነመነፅርሽ የሚያሳይ ነው። ቆይ፣ መኪና ውስጥ አንድ አለኝ።”

እሱ እስኪመለስ አስር አለቃ ሴልቫን እያለከለከ ደረሰ።

“እመቤቴ፣ ፈቃድ ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ…”

“ካወቅህ ለምን መጣህ?”

“ሌባውን ይዘናል። ኡጃይ ነው፣ አስጎብኚው። የዓይን ምስክር አለ። ነገ ጧት ደን ጽሕፈት ቤቱ የሥራ ፈቃዱን ይቀማዋል። እርስዎ ብቻ ይፈርሙልን።”

ሮሃያ ተነፈሰች። መፈረም ብቻ! እንዲህ ብሎ ጠርቷት በመፈረም ብቻ የለቀቃት አስር አለቃ የለም።

ኡጃይ ከግቢው ጥግ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። የዚያው ጫካ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

“ገጀራህ ላይ ሙጫ ተገኝቷል።”

“ሙጫ የሌለው ገጀራ ያለው ከተሜ ነው፣ እትዬ።”

“ዓርብ ማለዳ የት ነበርክ?”

“ቤቴ። ሚስቴ ታውቃለች። እሷን ደግሞ ማን ያምናታል?” ቀና አለ። “ያቺን ወፍ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያታለሁ። ፈቃዴን ከነጠቁኝ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? እኔስ እሺ፤ ለወንዱ ማን ይንገረው?”

ሮሃያ ተናዳ የምስክሩን የጽሑፍ ቃል ከሴልቫን ተቀበለች። ምስክሩ ዳቶ ሹኮር ነው፤ ከሱልጣኑ ‘ዳቶ’ የሚል ማዕረግ የተሰጠው፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ሊቀመንበር። ቃሉን አነበበች። አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ደግማ አነበበችው።

“ሴልቫን፣ አንድ በርሜልና አንድ መጥረጊያ ፈልግልኝ።”

“ምን?”

“ሰማኸኝ።” ምን እንደሚያደርግበት በጆሮው ነገረችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳቶ ሹኮር ከዛፉ ትይዩ ባለው የማረፊያው ሰገነት ላይ ሻዩን እየጠጣ ተቀበላት። አዲስ መነፅሩ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል።

“ሁሉንም ተናግሬያለሁ፣ ልጄ። ዓርብ ከንጋቱ አንድ ሰዓት። ኡጃይ ከዛፉ ሥር ነበር። ገጀራ፣ ገመድ፣ ቀይ ከረጢት።”

“ከዚህ ሆነው?”

“በዚህ ባይኖክላር።”

“መነፅርዎ ግን ተሰብሮ ነበር ብለዋል።”

“ሐሙስ ማታ፣ መታጠቢያ ቤት። ባይኖክላር ምን መነፅር ይፈልጋል? አውልቆ ማስተካከያውን ማዞር ነው! ለእንግዳው ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነው።”

የሮሃያ ደም ፈላ። አሥራ አንድ ባይኖክላር ሞክራ አንዱም ያለ መነፅር አላሳያትም! ጎንበስ ብላ የሱን አየችው። ዓይን የሚያርፍባቸው ጎማዎች መነፅር ላደረገ ሰው እንዲመቹ እስከ ታች ተጠምዝዘዋል፤ ጠርዛቸው በመነፅር ተፍቆ ነጥቷል። ይህ ሰው በዕድሜው አንድም ቀን መነፅሩን አውልቆ አላየበትም።

“እስቲ ያሳዩኝ” አለች። “መነፅርዎን ያውልቁና። አሁን ከዛፉ ሥር ማን አለ?”

ሳቀ። አወለቀ። ማስተካከያውን አዞረ። አዞረ። እምቢ አለው። አሁንም ታገለው። ግንባሩ ላብ አቸፈቸፈ።

“እ… አስር አለቃሽ ነው። ዱላ ይዟል።”

“ሴልቫን!”

“አቤት!” አለ አስር አለቃው ከበሩ ኋላ ብቅ ብሎ።

ሮሃያ መነፅሩን አንስታ አቀበለችው። ዳቶ አደረገና በባይኖክላሩ ተመለከተ። ከዛፉ ሥር ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ መጥረጊያ ተሰክቶበታል።

“የእርስዎ ቁጥር ዐሥር ተኩል ነው። አንክል ኩን ጠይቄዋለሁ። የተሰበረውን ያመጡለት ዓርብ ቀን ነው፤ ማጠፊያው ውስጥ ግንድ ላይ የሚበቅል የዛፍ ሽበት ነበረበት። የመታጠቢያ ቤትዎ ዛፍ ያበቅላል እንዴ? ያንን ቀይ ከረጢት ከዚህ ሆነው አላዩትም፣ ዳቶ። አጠገቡ ነበሩ።”

ሴልቫን ማረፊያውን ሲፈትሽ የኩሽናውን ማቀዝቀዣ ከፈተ። ከዓሣው ሥር ቀይ ከረጢት ወጣ። በውስጡ የወፏ ራስ።

ዳቶ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ።

“ኡጃይ እምቢ አለኝ” አለ በመጨረሻ። “ቀንዱን የሚገዛው ሰው ፊት ‘ያቺን ዛፍ አልወጣም’ አለኝ! እንጀራ የሰጠሁት እኔ፤ እንግዶቹ የሚጠይቁት ‘ኡጃይ የት አለ?’ ነው። እኔን በስሜ የሚጠይቅ የለም። ዛፍ የሚወጣ ሌላ ሰው ከቆላ አመጣሁ። ኡጃይ ደግሞ ይታሰር አልኩ።”

ኡጃይ ሲፈታ አልሳቀም። የእጁን ሰንበር እያሸ ወደ ዛፉ ወረደ።

አንክል ኩ ግቢው ውስጥ እየጠበቃት ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ሰጣት። ጎማዎቹን ወደ ታች ጠመዘዘችና ከነመነፅሯ ገጠመችው። ጥቁር ጨረቃ የለም። አፍንጫዋን አልተጫናትም። ቅጠሉ ሁሉ እስከ ጠርዙ ጥርት ብሎ ታየ።

ወንዱ እርኩም መጣ። አንገቱን አሰገገና ሾላውን በተፈለጠው ቀዳዳ አስገባ። ጠበቀ። የሚቀበለው ሲያጣ መልሶ አወጣው። ከዛፉ ሥር ኡጃይ አንጋጦ ቆሟል።

“አሁንስ ያሳያል?” አለ አንክል ኩ።

“ያሳያል” አለች ሮሃያ፤ ባይኖክላሩንም አወረደችው።