ያልተለካው ሳምንት

«ኧረ እስክሪብቶ ቀይሪ! ሰባቱንም ቀን በአንድ ቀለም ከሞላሽው ይነቃብሻል» አለቻት ሚጣን ጓደኛዋ፣ በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተጠጋቻት። ጓደኛዋን ብልጧ ነው የሚሏት፤ ስሟን ከአስተማሪዎች በቀር የሚያስታውስ የለም።

ሚጣ እስክሪብቶ ቀይራ የክትባት መከታተያ ደብተሩን መሙላት ቀጠለች። ሙቀት፣ 36.6። የሆድ ሕመም፣ የለም። የክንድ ሕመም... ሦስተኛው ቀን ላይ እጇ ቆመ። ያን ቀን የተከተበችበት ክንዷ አብጦ በጎኗ መተኛት አቅቷት ነበር።

«የለም በይ ባክሽ! አለ ካልሽ ሲጠያይቁሽ ነው የሚውሉት።»

የለም ብላ ጻፈች።

የጨጓራ ባክቴሪያን ይከላከላል የተባለው ክትባት ገና በሙከራ ላይ ነው። የተከተቡት ልጆች ማታ ማታ ሙቀታቸውን ለክተው፣ የተሰማቸውን ጽፈው በሳምንቱ ደብተሩን ለነርሷ ያስረክባሉ። ሚጣ ግን መለኪያውን ከሳጥኑ እንኳ አላወጣችውም። ሰንፋ አይደለም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ምንም ነገር ምኗም አይደለም። ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች፣ በቃ።

አባቷም የሞተው በዚሁ በጨጓራ ጣጣ ነው፤ ቁስሉ ቆይቶ ካንሰር ሆነበት። እናቷ የሙከራውን ፈቃድ ስትፈርም «በእሱ ይብቃ» ብላ አልቅሳ ነበር። ሚጣ አላለቀሰችም።

«ነይ የኔ ልጅ» አለች ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ።

ሚጣ ገብታ ደብተሩን ሰጠቻት። ነርሷ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ጎሽ! አንድም ቀን አልዘለልሽም። አባትሽ ጨጓራ ነበረባቸው አይደል? ብዙ ጊዜ ታመሙ?»

«እንጃ። ሆዱን ይዞ ስናየው ምን ሆንክ እንለዋለን። ምንም የለም ይላል። ሁልጊዜ ምንም የለም ነው።»

ደብተሩ ነርሷ እጅ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ የለም፣ የለም፣ የለም ይላል፣ በሁለት ቀለም። ፈራች። እውነቱን ስትናገር ከሙከራው ቢያስወጧትስ? እናቷን ምን ትላታለች?

መጀመሪያ ቀን ነርሷ ልጆቹን ያለቻቸው ትዝ አላት። የተሳሳተ አይፋቅም፤ ከሥር እንዲነበብ አንድ መስመር ይሰመርበትና እውነቱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል።

«ሲስተር፣ ደብተሩን አንዴ ይመልሱልኝ።»

«ምነው?»

«አልለካሁም። አንድም ቀን።»

ነርሷ ትንሽ አየቻትና ደብተሩን ገፋ አደረገችላት። ሚጣ በሰባቱም ቀን ሙቀት ላይ አንድ አንድ መስመር አሰምራ «አልተለካም» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ሦስተኛው ቀን የክንድ ሕመም ላይ ባለው «የለም» ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ከጎኑ «አሞኝ ነበር» ብላ ጻፈችና ፈረመች።