ከሦስተኛው ፓነል ሥር

«የጣሪያ ስንጥቅ የሚደፍን ሲሊኮን አለህ?»

«ነጩ አልቋል። ግራጫው አለ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሊላንድ ከብሎንና ከአሮጌ ቧንቧ ክምር ጀርባ የተቀመጠውን ባለባርኔጣ ቀና ብሎ ሳያየው የተዘረጋለትን ካርቶን ተቀበለ። መሣሪያ መያዣው ውስጥ ከተተው። አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ በክረምት ገበያ መሀል፣ ሁለት ጎልማሶች ስለ ሲሊኮን ቢያወሩ ዞሮ የሚያይ የለም።

«ከሦስተኛው ፓነል ሥር» አለ ሻጩ። «ሽማግሌው የሚናገረውን አንድ ሳይቀር መስማት አለብን።»

«እስካሁን የሚናገረው ስለ ባቄላ ሾርባ ነው።»

«ቆቅ፣ ሥራህን ሥራ።»

ቆቅ የሊላንድ የምስጢር ስም ነው። ሊላንድም ቢሆን እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ባለባርኔጣው አለቃው ነው፤ «አናጢ» ይባላል። በመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሊላንድ ግን አለቃው ልጆች ይኑሩት አይኑሩት እንኳ አያውቅም።

ሊላንድ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መሰላል ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ከሰሜን በረዶ ሸሽተው፣ አልጋና ማድቤት ባለው ቤት-መኪናቸው ወደ በረሃው ለሚመጡ ጡረተኞች ጣሪያቸው ላይ የሶላር ፓነል ይገጥማል። ሙያውን ለሽፋን ብሎ ነበር በስድስት ሳምንት የተማረው። አሁን ከስለላው ይልቅ እሱን ሳይወደው አልቀረም። ፓነል በትክክል ከታሰረ መብራት ይበራል፤ በቃ።

የዚህ ወር ዒላማው ኦርቪል ታገርት ናቸው። ከተራራው ማዶ ባለው የጦሩ የሚሳይል መሞከሪያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሬዲዮ መሐንዲስ ነበሩ። አናጢ እንዳለው ምስጢር ይሸጣሉ።

«አንተ ሰው፣ ጣሪያዬን ወንፊት እንዳታደርገው!» ጮኹ ኦርቪል፣ ከታች መሰላሉን እንደያዙ።

«እዚህ ዝናብ በዓመት አንዴ አይደል እንዴ የሚዘንበው?»

«ያች አንዴ የምትዘንበዋ እኔ አልጋ ላይ ነው የምታርፈው! ሜቪስ በኩል አታልፍም።»

«ልጄ፣ አትስማው» አሉ ሚስታቸው ሜቪስ ከመስኮቱ። ከአፍንጫቸው ሥር ቀጭን ቱቦ ተሰክቷል። «ሃምሳ ዓመት አጉረምርሞ አልወጣለትም።»

የሜቪስ ሳንባ ደክሟል። የኦክስጅን መሣሪያው ቀንም ሌሊትም መሥራት አለበት። «ኤሌክትሪክ እስካለ እዚሁ ሰማይ እያየሁ እኖራለሁ» ብለውታል ባለፈው፣ ቡና ሲቀዱለት። «ከሌለ ካንሳስ ያለችው ልጄ የአረጋውያን መጦሪያ ታስገባኛለች። ሄጄ አይቼዋለሁ። ኮሪደር ብቻ ነው።»

ሊላንድ ሦስተኛውን ፓነል ሲያስር ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ማዳመጫ ከሥሩ ለጠፈ። ጥቁር ነው፤ የሳሙና ያህላል። ገመዱን ከባትሪው አገናኘ።

በአራተኛው ቀን ኦርቪል ወደ ሊላንድ መኪና መጡ። አልቀለዱም።

«ባትሪው ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው። ዛሬ መሣሪያዋ ቆመባት። ስነቃ ፊቷ ሰማያዊ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

ሊላንድ ሁሉንም አጠፋ። መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፓምፑን። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ከባትሪው ገመድ ላይ አደረገ።

ሁሉ ጠፍቶም አምስት አምፔር ይፈሳል።

ማዳመጫ የዚህን ሃምሳኛ እንኳ አይበላም።

ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዕቃውን ፈታው። ማይክራፎን የለውም። ወደ ተራራው የዞረ ጠፍጣፋ አንቴና አለው። ከመሞከሪያው የሚወጣውን የሬዲዮ ሲግናል ሁሉ እየለቀመ ያጠራቅማል። የሚሰልለው ኦርቪልን አልነበረም። በኦርቪል ጣሪያ ላይ ሆኖ ጦሩን ነበር የሚሰልለው። የገጠመውም ሊላንድ ራሱ ነው።

ከሰፈሩ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስልክ፣ አሥራ አንድ ዓመት በቃሉ ይዞት የኖረውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደወለ። አንዲት ሴት አነሳች። ሰማችው። ወረቀት ተገለጠ።

«ታገርት የሚባል ዒላማ የለንም።»

«አናጢ ነው ያዘዘኝ።»

«አንተም መዝገባችን ላይ የለህም። አናጢ ከስድስት ወር በፊት ጡረታ አውጥቶሃል። ፊርማህ አለበት።»

ሊላንድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። የፈረመው ነገር የለም። ስድስት ወር ሙሉ ለማን ሲሠራ ነበር?

«ዕቃውን እንዳትነካው» አለች ሴትዮዋ። «ሲወስድ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን። ነገ ረፋድ ላይ እንደርሳለን።»

ዕቃውን ወደ ቦታው መለሰ። የራሱን መኪና ሁለት ባትሪዎች ነቅሎ ለሜቪስ ገጠመ።

«አንተስ?» አሉ ኦርቪል።

«እኔ ያለ መሣሪያ እተነፍሳለሁ።»

ሽማግሌው ትከሻውን ጨበጥ አደረጉት። ባያደርጉት ይሻለው ነበር።

አናጢ ግን ቀደመ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሊላንድ የኦርቪል ጣሪያ ላይ ሳለ ነጭ መኪና ቆመ።

«ቆቅ። ዕቃውን አውርድልኝ።»

ጃኬቱ ሥር ሽጉጥ አለ። አፈሙዙ ወደ ሜቪስ መስኮት ነው።

«በሲሊኮን ተጣብቋል» አለ ሊላንድ። «ግራጫው ነው፤ ጊዜ ይፈጃል።»

«ሁለት ደቂቃ።»

የፓነሉን አንዱን ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። መንገዱ ላይ አቧራ የለም። የሚመጣ የለም።

«ለምን እኔን?» አለ ካቻቪቴውን ሳያቆም።

«ስለማትጠይቅ። አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

አራተኛው ብሎን ወጣ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ኦርቪል የቡና ኩባያ ይዘው ብቅ አሉ።

«እንግዳ አለን እንዴ?»

አናጢ ዞረ።

ሊላንድ ፓነሉን ገፋው።

ሃያ ኪሎ መስታወትና ብረት ወረደ። ሽጉጡ ጮኸ። የሊላንድ ግራ እጅ ነደደ። አናጢ ከፓነሉ ሥር ተዘረረ። ኦርቪል ሽጉጡን በጫማቸው ወዲያ ገፉት። ሴትዮዋና ሰዎቿ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሱ።

ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ሄደዋል። በአምቡላንስ የመጣው ሐኪም ሲያስርለት ሴትዮዋ ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች።

«የለቀመው ምስጢር ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። አንዱም አልተሸጠም። ጥሩ ሠርተሃል።»

«ቤት-መኪናቸውስ?»

«ማስረጃ ነው፤ እኛ ዘንድ ይቆያል። ፍርዱ እስኪያልቅ፣ ምናልባት ዓመት።»

«ሌላ ቤት የላቸውም።»

«ካንሳስ ልጅ አለቻቸው። ደውለንላታል።»

ሜቪስን በአምቡላንስ አስገቧቸው። ወደ እሱ አላዩም፤ ሰማዩን ነበር የሚያዩት። ኦርቪል ግን ተመልሰው መጡ። የለበሱት ሹራብ ቡና ፈስሶበታል። ሴትዮዋ ሁሉንም ነግራቸዋለች።

«ሾርባዬን ስትበላ ትሰልለኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ስምህ እንኳ ሊላንድ ነው?»

«አይደለም።»

ሽማግሌው ማን እንደሆነ ይጠይቁታል ብሎ ጠበቀ። ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። ኦርቪል ግን ዞሩና አምቡላንሱ ላይ ወጡ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በሌላ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ አንድ የታሰረ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ወደ ሰሜን ትኬት ቆረጠ።

«ስም?» አለች ትኬት ቆራጯ።

አዲሱን መታወቂያ አወጣ። ከላዩ ላይ አንብቦ ነገራት።